የመጫወቻው በር ደፍ

ከላሊበላ የወጣን ዕለት ደጃችን ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። እህቴ በላይነሽ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እንዳታለቅስ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። የንስሐ አባታችን መምሬ አስፋው መስቀላቸውን እንደያዙ ከወይራው ሥር ናቸው። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ አያ ሞላ፣ ራሳቸው በካቡት የድንጋይ አጥር አጠገብ ቆመዋል። ባለ ባጃጁ መንገዱ ላይ ነው፤ ሞተሩን አላጠፋም። የልጅ ልጄ እናኑ ጀርባዬ ላይ ነች። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም።

ገና እየጎሐ ነበር። የዚያን ሰዓት ብርድ ታውቁታላችሁ። አያ ሞላ ጠጋ አሉና፣

«አምጪያት፣ እስከ ባጃጁ እኔ ልያዛት» አሉኝ።

«ተዉ አያ፣ ለምጄዋለሁ።»

«እዚያስ አገር ማን ይሸከምላችኋል?»

«እንጃ» አልኳቸው።

የእናኑ እናት፣ ልጄ ውባለም፣ ካናዳ ከሄደች ቆይታ ነበር። ለሁለታችንም አመልክታ ፈቃዱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ደስ ይበልሽ አለኝ። እኔ ግን ከሻንጣው ይልቅ የከበደኝ የአያ ሞላ ጥያቄ ነው። ሌላው ስደተኛ ስለ ሥራና ስለ ቋንቋ ያስባል፤ እኔ ስለ ትከሻ አስብ ነበር። በእኛ አገር መሸከም ማንም የሚያፍርበት ነገር አይደለም። ገጠር ሰው ሲታመም ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ፣ ትከሻ እየተቀያየረ፣ በቃሬዛ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። ለገና የመጣ አቅመ ደካማ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ በማያውቀው ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ይወርዳል፤ የሚሸከመውም በረከት አገኘሁ ብሎ ነው የሚሄደው። እናኑንም ትምህርት ቤት የማደርሳት በጀርባዬ ነበር።

እረፍት ሲደወል ግን ጀርባዬ ቤት ነው። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እሷ ከግድግዳው ሥር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሹራባቸውን እያወለቁ ጭኗ ላይ ይከምሩላታል። «ጠብቂልን» ይሏታል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብደርስ ሹራቡ አገጯ ድረስ ደርሶ አየሁ።

ካናዳ የገባን ጊዜ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ እናኑን ጀርባዬ ላይ አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ልጅቷ መራመድ አትችልም?»

«አትችልም።» በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ነው የምመልሰው።

«ዊልቸሯ የት አለ?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አልሳቀም። አጠገቡ ያለችው ሴት ግን ሳቀችና ቶሎ ብላ አፏን ያዘች። ከዚያ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ መጣ። እናኑ ተቀመጠችበት፤ ከመቀመጧ ጎማውን በእጇ ዳበሰችው። እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። የተሰማኝን አልጽፈውም፤ ልጅ አዝላችሁ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

ውባለም የተከራየችው ዊኒፔግ በምትባል ከተማ፣ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው ስታን የሚባል ሽማግሌ ነበር። መጥፎ ሰው አይደለም። ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣልኛል። ሊፍት አለን ብሎ አከራይቷታል፤ እውነትም ሊፍት አለ። ከውጭው በር እስከ ሊፍቱ ግን ሦስት ደረጃ አለ። ውባለም ያዘጋጀችላት ተሽከርካሪ ወንበርና ልጅቷ አንድ ላይ ለእኔም ለእሷም አይነሡልንም።

«ስታን፣ ልጅቷ ሊፍቱ ጋ መድረስ አልቻለችም» አለችው ውባለም።

«ሊፍቱ ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት አሠርቼዋለሁ።»

«ሊፍቱማ ደህና ነው። ደረጃው ነው ያስቸገረን።»

«ለደረጃውማ ሊፍት አላችሁ!»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ኋላ ራሱ አንድ ሰሌዳ እንጨት አምጥቶ ደረጃው ላይ አጋደመልን። በረዶ ሲሆን ግን እንጨቱ ያንሸራትታል። በረዶው ደግሞ የእኛ አገር በረዶ እንዳይመስላችሁ፤ ዘንቦ የሚያባራ አይደለም፤ መጥቶ አብሯችሁ ይከርማል። የላስታ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። እዚያ ፀሐይዋ ቦግ ብላ በወጣችበት ቀን ነው ጆሮ የሚቆረጠው። ፀሐይ ናት ብዬ የወጣሁ ቀን ጎረቤቴ ሮጣ መጥታ ኮፍያዋን ጭንቅላቴ ላይ ደፋችልኝና ምንም ሳትናገር ቤቷ ገባች፤ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል አልተለዋወጥንም። ዳቦውም ለስላሳ ነው፣ ጥጥ እንደማኘክ። በጾም ውባለም ከረጢቱን ወደ ብርሃን አዙራ ወተት እንዳለበት ታነብልኛለች። ከበላይነሽ የተላከልኝን የገብስ ቆሎ በትንሹ እየዘገንኩ ነው ያንን ክረምት ያለፍኩት።

በረዶው ሲሟሟ ውባለም አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ ወሰደችን። ሌሎቹን አይተናቸው ነበር፤ ወለላቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፣ ጎማው ይሰምጣል። የዚህኛው ወለል ግን ጎማ ነው። ወደ ሸርተቴው ጫፍ የሚያወጣው መንገድ ደረጃ የለውም፤ ቀስ እያለ እየዞረ ይወጣል፤ ጠርዝ ጠርዙም የእጅ መያዣ አለው። ዥዋዥዌው ጀርባ የሚደግፍ መቀመጫና መታጠቂያ አለው። የአሸዋ መጫወቻው በጠረጴዛ ልክ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ጉልበቱን ከሥሩ አስገብቶ ይጫወታል።

እናኑ አንዴ ዞር ብላ አየችኝና ጎማዋን በእጇ እየገፋች መውጣት ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ቆመች። ተነሣሁ። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር፣

«እማማ! እንዳትመጪ!» አለች።

ቁጭ አልኩ። እስከ ጫፉ ወጣች። እዚያ ላይ ሆና ሌላ ምንም አላደረገችም፤ ዝም ብላ ወደ ታች ታይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለበላይነሽ ስንደውል እናኑ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አክስቴ፣ እዚያ ትምህርት ቤት፣ ከግድግዳው ሥር ያለችው ድንጋይ ላይ አሁን ማን ነው የሚቀመጠው?»

በላይነሽ፣ «አንዲት ትዕግሥት የምትባል አለች። ከገነተ ማርያም የመጡ ናቸው። እናቷ እያዘለች ታመጣታለች» አለች።

«ሹራብ ትጠብቃለች?»

«ምን ሹራብ?»

እናኑ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ለትዕግሥት ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ መጫወቻ እንሥራ እያለች እረፍት አልሰጠችንም። እናቷን፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችንን ሴቶች፣ ስታንን ሳይቀር ነዘነዘች። ስታን ሁለት የዥዋዥዌ ሰንሰለት ሰጣት። ማኅበርተኞቹ የቻሉትን አዋጡ። ነገሩ ተሰባስቦ መልክ እስኪይዝ ግን ዓመታት ሄዱ። እናኑ አሥራ ሁለት ሲሞላት፣ እሷና እኔ ከገና ቀደም ብለን አገር ቤት ገባን፤ ውባለም ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም።

ትምህርት ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን እረፍት ተደውሎ ነበር። ትዕግሥት ከዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሹራብ ተከምሯል። እናቷ ዘነበች ከአጥሩ ውጭ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፤ ልጅቷ ስትፈልጋት እንዳታጣት ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የምትውለው። እናኑ ወንበሯን ገፍታ ትዕግሥት አጠገብ ቆመች። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ትዕግሥት ከሹራቡ ግማሹን አንሥታ እናኑ ጭን ላይ አደረገችላት።

ሥራውን የያዙት አያ ሞላ ናቸው። በከተማው እንደሳቸው ድንጋይ የሚጠርብ የለም፤ አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። ቦታው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው እርከን ነው፤ የላሊበላ መሬት መቼም አንድ ጎኑ ሽቅብ ነው። ዳይሬክተሩ አቶ ስንታየሁ ወጣት ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

«ወይዘሮ የሺ፣ ለሁለት ልጅ ይሄ ሁሉ መንገድ? አንዷማ ተመላሽ ናት።»

«እንግዲያው ለአንድ ልጅ ነው» አልኳቸው።

አያ ሞላ ደረጃ የሌለው መንገድ መሥራት እንደ ስንፍና ነበር የታያቸው። «ደረጃ ያልወጣ ድንጋይ ምኑ ይወራል?» ይሉ ነበር። ኋላ ግን ልባቸው ገባበት። ጠፍጣፋውን ድንጋይ እያለሰለሱ፣ ጎማ እንዳይዝ አንዱን ካንዱ እያገጣጠሙ፣ እስከ ላይ አነጠፉት። እናኑ በየቀኑ እየወጣች ትሞክርላቸዋለች፤ «እዚህ ጋ ይዞኛል» ስትላቸው ወዲያው ተንበርክከው ያስተካክላሉ። ሸርተቴውንና ዥዋዥዌውን ብየዳ ቤት ሠራልን።

መንገዱ እንዳለቀ መጀመሪያ የወጣበት አህያ ነው። ከብልባላ ገበያ የመጣ፣ ጭነቱን ያራገፈ አህያ ነበር፤ ደረጃ የሌለው ስለሆነ ተመቸውና ሰተት ብሎ ገብቶ አቶ ስንታየሁ የተከሉትን ችግኝ በላ። ከተማው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ሰነበተ። «ፈረንጅ አገር የተማረ አህያ ነው» አሉ። አቶ ስንታየሁ ግን አልሳቁም፤ «አያ ሞላ፣ እባክዎ አህያ እንዳይገባ በሩን አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አሏቸው። እኔ ቆሜ እሰማ ነበር። አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በሩ ጋ አላስደርስ አሉን። ጆንያ ጋርደው፣ ልጆቹን እያባረሩ፣ ብቻቸውን ሠሩ። «የሚመረቅበት ቀን ታያላችሁ» ይላሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ምረቃው እኛ በምንመለስበት ቀን ጠዋት ሆነ። አውሮፕላኑ ቀትር ላይ ነው፤ ሚኒባሱ ሻንጣችንን ጭኖ ከሥር ቆሟል። ልጆች፣ ወላጆች፣ ካህናት ተሰብስበዋል። እናኑ ፊት ሆና በመንገዱ ወጣች፤ ማንም አልገፋትም። ትዕግሥት በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ተከተለች። መምሬ አስፋው ጸሎት አደረሱ፤ አያ ሞላ ጆንያውን ገለጡት።

በሩ በእውነት ያምራል። ሁለቱ መቃኖች አንድ ወጥ ድንጋይ ናቸው፣ መስቀል ተቀርጾባቸዋል። ከሥር ደግሞ፣ ከመቃን እስከ መቃን፣ ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል፤ እንደ መስታወት የተወለወለ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ከፍታ ያለው ደፍ።

ሕዝቡ እልል አለ። እናኑ እስከ ደፉ ድረስ ሄደችና ቆመች። የፊት ጎማዋ ድንጋዩን ነካው።

እልልታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ወዲያው አራት ጎረምሶች ዘለው ወንበሩን ያዙ። «ነይ፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ብድግ!» አሉ። እናኑ ሁለቱን ጎማ በእጇ ጨብጣ ያዘች።

«ተዉኝ!»

«ኧረ አትከብጂንም!»

«ተዉኝ አልኩ።»

ለቀቋት። አያ ሞላ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ወደ እኔ መጡ።

«ምን ሆነች? ለምን እምቢ አለች?»

«አያ፣ ደፉን ምን አሰቡና ሠሩት?»

«ደፍ የሌለው በርማ በረት ነው፣ የሺ! አህያ ይገባል ተባልኩ። ደግሞ ልጆች የሚገቡበት ነው፣ ክብር ያለው ይሁን ብዬ ነው። የሚሳም ደፍ ነው የሠራሁት፤ ዳስሺው እስቲ!»

«ያምራል።»

«ታዲያ?»

«ጎማው አይወጣውም።»

ድንጋዩን አዩት፤ ወንበሩን አዩት።

«አንድ ስንዝር! አንድ ስንዝር ለማሻገር ትከሻ ጠፋ እንዴ በላስታ?»

«ትከሻማ ሞልቷል። እሷ ናት መሸከም ያልፈለገችው።»

አቶ ስንታየሁ መሀል ገቡ። «ጣውላ እናምጣ፤ ለጊዜው አጋድመን…»

«ጣውላ? በእኔ በር ላይ?» አሉ አያ ሞላ።

«ጣውላውማ እስከ ማታ የአንዳችን አግዳሚ ወንበር ይሆናል» አለች ዘነበች፤ ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ትዕግሥትን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ነጠላዋን አጠበቀች። «እነሱ እንደሆኑ መሄዳቸው ነው፣ አያ። ነገ እዚህ ደፍ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ። በላይነሽ እጄን ይዛ፣ «እህቴ፣ አውሮፕላኑ» አለችኝ። ሰው ሁሉ አያ ሞላን ያያል። ደፉ ተነቅሎ አይወጣም፤ መቃኖቹ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ያለው መንገድ እየፈለጡ መሬት ማውረድ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የሰዓት ሥራ አይደለም። እኔ ይፍለጡት ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። እኒያ ዓይኖች ሌላ እንደዚያ ያለ ድንጋይ እንደማይጠርቡ አውቃለሁ።

ያሉት መምሬ አስፋው ናቸው። «ሞላ» አሉ፣ «የሚሳም ደፍ በቤተ ክርስቲያናችን አለን። ለአህያው መዝጊያ ይበቃዋል።»

አያ ሞላ እናኑን አዩዋት።

«ሌሎቹ ገብተው ይጫወቱ፤ አንቺስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እጠብቃለሁ፣ አባባ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስኪጨርሱ።»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉ። መሮና መዶሻቸውን አስመጡ። ደፉ አጠገብ ተቀመጡና መዳፋቸውን በድንጋዩ ላይ አሳለፉ፣ አንድ ጊዜ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ መቱት።

ድንጋዩ ጠንካራ ነው፤ የሚነሣው ፍንጣሪ የጥፍር ያህል ነው። ሚኒባሱ ደግሞ ጡሩምባ ነፋ። እናኑ ዓይኗን ከመሮው አላነሣችም።

«እናኑ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

ወደ ዘነበች ዞረች። «ትዕግሥትን እዚህ ላይ አስቀምጫት» አለች፣ የተቀመጠችበትን ወንበር እያሳየች። «እኔ ቤት ሌላ አለኝ። እሷ ትጠብቅልኝ።»

ዘነበች ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅኩ። በላይነሽ እናኑን አንሥታ ያዘችልኝ፤ ዘነበች ልጇን አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ትዕግሥት ጎማውን በእጇ ዳበሰችው። አንዲት ልጅ ሮጣ መጥታ ሹራቧን ጭኗ ላይ ልትጥል ስትል ቆም ብላ አሰበችና መልሳ ወገቧ ላይ አሰረችው።

ነጠላዬን አደግድጌ ጎንበስ አልኩ፤ እናኑ ክንዷን አንገቴ ላይ አደረገች። ከባድ ሆናለች። እምቢ አላለችም።

የቆሙበትን ዞሬ አየሁ። በላይነሽ ከመቃኑ ጋር ነበረች፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ። መምሬ አስፋው መስቀላቸውን እንደያዙ ከእርከኑ ጠርዝ ላይ ናቸው። ትዕግሥት ከደፉ ፊት ነች፣ እጆቿ ጎማው ላይ። አያ ሞላ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ቀና ብለው «እኔ ልያዛት» አላሉኝም፤ መዶሻቸውንም አላቆሙም።

ወረድኩ። እናኑን መቀመጫው ላይ አስቀመጥኳት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ በሩን ዘጋሁት። ሚኒባሱ ተነሣ።